ፓኬጅ ይዤ የኢጃጂን ዳገት ስወጣ

አዲስ መኪና ልትገዙ ከሻጭ ድርጅት ቢሮ ከገባችሁ፣ ዋጋው ተነጋግሮ ካለቀ በኋላ አንዲት ፈገግተኛ ልጅ አንድ ተጨማሪ ነገር ታቀርብላችኋለች። "ፓኬጅ" ትለዋለች። የሚመጡትን ዓመታት ሰርቪስ፣ ዘይቱን፣ ማጣሪያውን፣ ፍተሻውን አሁኑኑ ጠቅልላችሁ ትከፍሉና፣ ቀኑ ሲደርስ መኪናችሁን ወስዶ ማስረከብ ብቻ ይቀራችኋል። እንግዛው ወይስ ይቅርብን እያላችሁ መደብሬ ድረስ የምትመጡ አላችሁ። እስከ ዛሬ አዎ ወይም አይ ብዬ መልሼ አላውቅም። ወንበር አቀርብላችሁና ስለ አባቴ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ልጻፈውና ልገላገል።

አምቦ ላይ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ አለኝ። ሥራው ቁጭ ተብሎ የሚሠራ አይደለም፤ ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ ድረስ ለደንበኞቼ ዕቃ አደርሳለሁ። ለዚህ የምጠቀምበት አሮጌ መኪና ነበረኝና ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ አስጨረሰኝ። ሴት ሆናችሁ ጋራዥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መካኒኩ የሚያወራው ከእናንተ ጋር አይደለም፤ አብሯችሁ ከመጣው ወንድ ጋር ነው። ወንድ ከሌለ ከመኪናው ጋር ያወራል። ይሄም ይቀየራል፣ ያም ይቀየራል ይባላል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ እንደ ጨቅጫቃ ይታያል።

ስለዚህ ተበድሬም ተሟጥጬም አዲሱን መኪና የገዛሁ ቀን፣ ልጅቷ ስለ ፓኬጁ አውርታ ሳትጨርስ ፈረምኩ። "ከእንግዲህ ሐሳቡን ለእኛ ይተዉት" አለችኝ። ከዚያ በፊት እንደዚህ የጣፈጠኝ ቃል ትዝ አይለኝም። በምላሹ የእኔ ግዴታ ሰርቪሱን አዲስ አበባ እነሱ ዘንድ ብቻ ማድረግ ነው፤ ሌላ እጅ ከነካው ወይም እነሱ ያልሰጡት ፈሳሽ ከገባበት ውሉ ይፈርሳል። ይህን ቃል በቃል ያዝኩት። የመኪናውን ኮፈን ከፍቼ አላውቅም። ጎረቤቴ ያለው መካኒክ እንኳ እስቲ ድምፁን ልስማው ሲለኝ ከበር ነበር የምመልሰው።

አባቴ ኦቦ ፈይሳ እናታችን ካረፈች በኋላ ጉደር አቅራቢያ ያለውን መሬቱንና ከብቱን ለወንድሞቼ ትቶ እኔ ጋ ገብቶ ነበር። ባል የለኝም፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ስናወራ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንቀላቅላለን፤ እዚህ በአማርኛው ላድርገው። መኪናው በመጣ ሰሞን አንድ ጊዜ ዞረውና ማነው የሚያያት ብሎ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ ያሉት ናቸው አልኩት። በየስንት ጊዜው አለኝ። ነገርኩት። ዕድሜ ልኩን ጎህ ሲቀድ በረት ገብቶ የከብቶቹን አፍንጫ እየዳሰሰ፣ እበታቸውን እያየ ለኖረ ሰው፣ ባለቤቱ ሩቅ አገር ሆኖ አልፎ አልፎ የሚጎበኘው ከብት የተጣለ ከብት ነው።

ያም ሆኖ ወደዳት። "እሷ" ነበር የሚላት። ጠዋት እኔ ስለባብስ እሱ ግቢ ውስጥ ያጥባታል፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል፤ የሚያጉረመርመውን ነገር እሱና እሷ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ሥራ ፈትቶ እንዳይጨነቅ የሚይዘው ነገር አገኘ ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን የእጁ አንጓ ላይ የተቃጠለ ቦታ አየሁና ምን ሆነህ ነው አልኩት። ሻይ ነው አለኝ። አባቴ ሻይ አፍልቶ አያውቅም፤ እኔ ግን እየቸኮልኩ ነበርና ቅባት ቀብቼለት ወጣሁ።

በዚያ ዘመን የአዲስ አበባው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። የመኪናዬ የሰርቪስ ጊዜ ደርሶ አለፈ። ደውዬ ስነግራቸው ችግር የለውም፣ መንገዱ ሲመችዎ ያምጡት አሉኝ፤ እኔም አቆየሁት። ወደ ባኮ ያለው መንገድ ግን ክፍት ስለነበር፣ እዚያ ያሉ ደንበኞቼ መድኃኒት አለቀብን ሲሉኝ ጫንኩና ወረድኩ። አባቴም ባኮ የሚኖር የአጎቱ ልጅ ናፍቆኛል ብሎ አብሮኝ መጣ። እዚያው እነሱ ቤት አደርን።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አርፍዶ ተነሣ፤ ይህ በሕይወቱ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው። የባኮ ሙቀት አልተስማማኝም አለ። ቁርስም አልቀመሰም። ዕቃዬን አከፋፍዬ ከቀትር በኋላ ስመለስ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ አገኘሁት። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ከጠዋት ጀምሮ ያመው ነበር፤ ሥራሽን እንዳላስፈታሽ ብሎ ነው የደበቀኝ።

ቅርብ ወዳለው ክሊኒክ ወሰድነው። ባለሙያው ሆዱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ሲያዳምጥ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። አንጀቱ ሳይጠማዘዝ አይቀርም አለኝ፤ ጌዶ ካለው ሐኪም ቤት ቶሎ ካልደረሰ አንጀቱ ይሞታል። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል። መኪና እንዳለኝ ጠየቀኝ። አለኝ አልኩት። በዚያች ደቂቃ ፓኬጅ መግዛቴን በልቤ አመሰገንኩ፤ ሌላው ሁሉ ቢያስፈራኝ መኪናው አያሳስበኝም ነበር።

ከኋላ ወንበር ላይ ትራስ አድርገን አስተኛነውና ተነሣሁ። የተነፋ በሬ ያለው ገበሬ ወደ መደብሬ ሲሮጥ ከፊቱ ነው የማውቀው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ረፍዶ ነው። እጄ መሪው ላይ ሆኖ የማስበው እነዚያን ፊቶች ነበር። ጉድጓድ ሳይ ቀስ ስል ጊዜው ያልፍብኛል፤ ስፈጥን አባቴ ያቃስታል። ኢጃጂን እስካልፍ ድረስ እንዲህ ሄድን። ከኢጃጂ በኋላ መንገዱ ወደ ጌዶ ሽቅብ ይወጣል።

ዳገቱን ጀምሬ ብዙም ሳልርቅ የሙቀት መለኪያውን አየሁት። ሁልጊዜ መሀል ላይ ተኝቶ የሚውለው መርፌ ተነሥቷል። መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ቀጥሎ ፀሐዩ ነው አልኩ። መርፌው ግን እያየሁት ወደ ቀዩ ሄደ፤ ቀይ መብራት በራ፤ ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጄን ዘረጋሁ።

በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ እጁን ለሚዘረጋ ሰው ሹፌር አይቆምም ነበር፤ ማን እንደሆነ አይታወቅማ። በቆሎ የጫነ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ። አንድ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አዩኝና ነድቶ ሄደ። አልፈረድኩባቸውም። በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁና ፓኬጁ ላይ ያለውን የእርዳታ መስመር ደወልኩ። ለዚህ ቀን አይደል የተገዛው?

ያነሣው ልጅ ትሑት ነው። የፓኬጁን ቁጥር ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ስሜን አገኘውና ደስ አለው።

"መኪናው አሁን ያለው የት ሰፈር ነው?"

"ኢጃጂን አልፌ፣ የጌዶ ዳገት ላይ።"

"ይሄ በየት በኩል ነው እህቴ፣ አየር ጤናን አልፎ ነው?"

የት እንዳለሁ ሳስረዳው ድምፁ ቀዘቀዘ። ጎታች መኪናቸው ከአዲስ አበባ አይወጣም። ሞተሩን ላጥፋ፤ ኮፈኑን አልክፈት፤ ከእነሱ ፈሳሽ በቀር ምንም አልጨምር፤ አለዚያ ውሌ ይፈርሳል አለኝ። አባቴ እየሞተብኝ ነው አልኩት። በጣም አዝናለሁ፣ አለቃዬን ጠይቄ ልደውልልዎ አለኝ። ደውሎም ነበር፤ ያየሁት ግን በማግስቱ ነው።

ስልኩን እንደያዝኩ አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ከኋላ አባቴ ጠራኝ።

"ኢንተላ ቶ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "ዛሬ አላጠጣኋትም።"

መቃዠት የጀመረ መሰለኝ። ላሞቹን ወንድሞቼ ያጠጧቸዋል አልኩት፣ አታስብ።

"ላሞቹን አይደለም። እሷን።"

እያቃሰተ፣ እያረፈ ነገረኝ። ከወራት በፊት መኪና አጣቢዎች ኮፈን ከፍተው ሲሠሩ አየና የውሃው ማጠራቀሚያ የቱ እንደሆነ ጠየቃቸው። ቤት ሲመጣ የእኛንም ከፈተ። ውሃው ከመስመሩ ወርዷል። ሞላው። ከቀናት በኋላ እንደገና ወርዶ አገኘው። ከዚያ ወዲያ እኔ ስለባብስ እሱ በየጠዋቱ ከፍቶ እያየ የጎደለውን ይጨምር ጀመር። የሚጨምረው ደግሞ የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ሆራ ነው።

ሆራ ማለት እኛ አገር ከመሬት እየተንፈቀፈቀ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው። ከብት በየጊዜው ወደ ሆራ ይነዳል፤ ካልጠጣ ጠጉሩ ይከረደዳል፣ ሣር ይጠላል። የከብት ጨው ስሸጥ እኔ ራሴ ለገበሬው የምነግረው ይህንኑ ነው። አባቴ ለሚወዳት እንስሳ የሚያውቀውን ምርጥ ነገር ነበር የሚሰጣት። ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"ብነግርሽ አዲስ አበባ ያሉት ያያሉ ትይኛለሽ።"

የሆራው ጀሪካን ከትርፍ ጎማው አጠገብ ነው አለኝ፤ ባኮ እንዲህ ያለ ውሃ የለም ብሎ ከአምቦ ሞልቶ ነው የመጣው። ጠዋት ሊያጠጣት አስቦ ነበር፤ ሕመሙ ግን በጊዜ አላስነሣውም። ጀሪካኑን ይዤ ወደ ኮፈኑ ስሮጥ በመስኮት እጁን አውጥቶ ቆይ አለኝ።

"ላቧ ይድረቅ። ላብ ላይ ላለች በቅሎ ውሃ ትሰጫታለሽ?"

"አባ፣ ጊዜ የለንም።"

"ትፈነዳብሻለች" አለና አንጓውን አሳየኝ። ሻይ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥበቃ አልጠበቅኩም፤ ዳግም እንዳያሳየኝ። ኮፈኑን እንዴት እንደሚከፈት እንኳ አባቴ ነው ከተኛበት ሆኖ የነገረኝ። አንዴ ወደ ፊት ሄጄ የሞተሩን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ አንዴ ወደ ኋላ ሄጄ የአባቴን። አንደኛው እንዲበርድ፣ ሌላኛው እንዳይበርድ እጸልያለሁ። ሁለቱንም በእጄ ጀርባ እነካለሁ። የአባቴ ግንባር በላብ ርሶ ቀዝቅዟል፤ ብረቱ ግን ያቃጥላል። ከዚያ የባሰው መጣ፤ ማቃሰቱን ተወ።

"አባ" አልኩት።

"አለሁ።"

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠራሁት። "አለሁ" አለኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን እስኪመልስ ቆየ። "መንሾክሾኳን ተወች?" ብሎ ጠየቀኝ። ተወች አልኩት። ነጠላዬን አጣጥፌ የውሃው ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ አዞርኩት። የቀረው እንፋሎት ወጣ፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ጀሪካኑን አንስቼ ቆምኩ። እነሱ ያልሰጡኝን ፈሳሽ ልጨምር መሆኑን አውቄው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያቆመኝ ውሉ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው፤ ሞተሩ ቢሰነጠቅስ? ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያልኩ አፈሰስኩ። ሆራው ገብቶ ተንፈቀፈቀ። አባቴ ከኋላ ሆኖ ሞልታ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ገና ነች፣ ትጠጣለች እለዋለሁ። እኔም "እሷ" ማለት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ቁልፉን ሳዞር ተነሣች። መርፌውን በአንድ ዓይኔ፣ አባቴን በመስታወቱ እያየሁ ዳገቱን ያዝኩ። መጀመሪያ ወርዶ የነበረው መርፌ ጌዶ ስንቃረብ እንደገና ወደ ቀዩ ተጠጋ። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። አባቴን ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። መኪናው ይንደድ አልኩና እግሬን ሳላነሣ ነዳሁ። ሐኪም ቤቱ ግቢ ስገባ እንፋሎቱ ከፊቴ ያለውን ሁሉ ሸፍኖት ስለነበር፣ ዘበኛው መኪናው የተቃጠለ መስሎት አሸዋ ይዞ ሮጠ።

አባቴን በአልጋ ይዘውት ገቡ። በቱቦ አየሩን ሲያስወጡለት ያ ሆድ እየጎደለ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ሐኪሙ አንጀቱ አልሞተም፣ ትንሽ ብትቆዩ ግን ሌላ ነገር እናወራ ነበር አለኝ። በኋላ ነገሩ እንዳይመለስበት አምቦ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ዳነ። ያን ዕለት ግን ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያለኝ "የት አቆምሻት?" ነው። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ።

መንገዱ ሲከፈት መኪናዋን በጭነት መኪና አዲስ አበባ አደረስኳት። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ የፈታውን ራዲያተር አሳየኝ፤ ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ውስጡን ደፍኖታል። ውሃ የሚያስተላልፈው ጎማ ማሰሪያው ላልቶ ከወራት ጀምሮ ሲያንጠባጥብ እንደነበርም አሳየኝ። ውሃ ባይጨመርላት ሞተሯ ገና ድሮ ይነድ እንደነበር፣ የተጨመረው ነገር ደግሞ ሌላ በሽታ እንዳመጣባት ነገረኝ። ሰርቪሱ በጊዜው ተደርጎ ቢሆን የላላችውን ማሰሪያ እዚያው ያጠብቋት ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ውሉ ፈርሷል፣ በእሱም ሥልጣን የሚሆን አይደለም። ለሪፖርቱ ውሃውን ማን እንደጨመረው ጠየቀኝ።

"ባለቤቷ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሰነዱ ላይ ባለቤቷ እኔ እንደሆንኩ ያውቃል። እንደነገርኩት ጻፈ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ፓኬጅ መጥፎ ነገር አይደለም። ጋራዡ ጎረቤታችሁ ከሆነ፣ መንገዱም የሚታመን ከሆነ ግዙት፤ ጋራዥ ለጋራዥ ከመለመንና ከመጭበርበር ያድናችኋል። እንደ እኔ አምቦ፣ ጊንጪ ወይም ባኮ የምትኖሩ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ልጅቷን ቀና ብላችሁ ጠይቋት፤ መንገድ ላይ ብቆም የምትደርሱልኝ እስከ የት ነው? ቀኑ በእኔ ጥፋት ባልሆነ ነገር ቢያልፍስ? ውሃዋ ቢጎድል ራሴ ልጨምር ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ደግሞም፣ ይህ ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ነው፣ የገዛችሁት የተወሰኑ ቀናትን ነው። በቀናቱ መሀል ያለውን ጊዜ የሚሸጥላችሁ የለም። ሐሳቡን ለእኛ ይተዉት ስትላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን አትተዉት። እኔ ሐሳቤን ስተው የተሸከመልኝ አባቴ ነበር፤ እሱ በታመመ ቀን ነው ያወቅኩት።

አሁን ኮፈኑን በየጠዋቱ የምከፍተው እኔ ነኝ። አባቴ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከባድ እንዳያነሣ ስለተከለከለ ወንበሩን ግቢ ውስጥ አውጥቶ ይቆጣጠረኛል። ለሞተር ማቀዝቀዣ የሚሞላውን ባለቀለም ፈሳሽ አሳይቼው አሽትቶታል፤ ሆራን አያህልም ብሎ አሁንም ይከራከረኛል።

በቅርቡ አንድ ጠዋት እጄ በአቧራ ተለውሶ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከሻጭ ድርጅቱ ነው፤ ያችው ጣፋጭ ድምፅ ያላት ልጅ ፓኬጁን ዳግም ልትሸጥልኝ ደውላለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአባቴ ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጣት፤ ዘይቱን፣ ማጣሪያውን፣ ቅናሹን ሁሉ።

"ጥሩ ነው ልጄ" አላት። "ጠዋት ጠዋትስ ማን ያያታል?"

"ይቅርታ አባቴ፣ አልገባኝም" አለችው።

በጨዋ ደንብ መርቋት ስልኩን መለሰልኝ።

"ደግ ልጅ ናት" አለኝ፤ "ሩቅ ናት እንጂ።"